የኑግ መመገቢያ፦ ለጓሮ ወፎች መምረጥ፣ መስቀልና በንጽሕና መያዝ

በአሜሪካ የወፍ እህል መደብሮች ‹ናይጀር› እየተባለ በከረጢት የሚሸጠው ጥቁር፣ ቀጭንና የሚያብረቀርቅ ዘር ኑግ ነው። በጎጃም፣ በወለጋና በሸዋ ማሳ ላይ በመስከረምና በጥቅምት ቢጫ ሆኖ የሚያብበው ያው ኑግ። ወደ አሜሪካ የሚገባው ከኢትዮጵያ፣ ከሕንድና ከምያንማር ሲሆን አብዛኛው የሚውለው ለዘይት ወይም ለጾም ወጥ ሳይሆን ለጓሮ ወፎች ቀለብ ነው። አንዳንድ ከረጢት ላይ ‹ቲስል› ተብሎ ይጻፋል፤ ውስጡ ያለው ግን ኑግ ስለሆነ ግራ አያጋባዎት።

ከዚህ በታች ያለው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ግቢ ወይም በረንዳ ላለው ሰው የተጻፈ ነው። የአካባቢው በጋ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ብርዱ ደግሞ በረዶ ያለበት ነው። ሁለቱም መመገቢያን በየራሳቸው መንገድ ያበላሻሉ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው የትኛው መመገቢያ ያምራል በሚለው ነው። ወፎቹን የሚያመጣውና በጤና የሚያቆያቸው ግን ሌላ ነው፦ እህሉ ትኩስ መሆኑ፣ ዕቃውም ደረቅና ንጹሕ መሆኑ። ቆሻሻ መመገቢያ ከመስቀል ምንም አለመስቀል ለወፎቹ ይሻላቸዋል። ይህን የምንለው ለማስፈራራት ሳይሆን፣ በአንድ ትንሽ ዕቃ ላይ ብዙ ወፍ ሲሰበሰብ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ስለሚተላለፍ ነው።

ማን ይመጣል?

ኑግን ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ጎልድፊንች ነው። ክብደቱ ከ11 እስከ 20 ግራም የሚሆን ትንሽ ወፍ ነው። በጋ ላይ ወንዱ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ግንባሩና ክንፉ ይጠቁራል፤ ሴቷ ደብዘዝ ያለች ናት። በበጋው መጨረሻ ላባውን ሲለውጥ ወንዱም ቢጫውን ጥሎ ቡናማና አመድማ ይሆናል። ብዙ ሰው ‹ወፎቼ ሄዱ› ብሎ መመገቢያውን የሚያወርደው በዚህ ጊዜ ነው። ነገር ግን እዚያው አሉ፤ መልካቸው ነው የተለወጠው። በብርድ ወራት እንዲያውም በመንጋ ሆነው ስለሚዞሩ ቀለቡ በጣም የሚያስፈልጋቸው ያን ጊዜ ነው። በፀደይ ዳግመኛ ላባ ለውጠው ቢጫ ይሆናሉ።

ሌሎችም ይከተላሉ። ደረቱ ቀላ ያለው ሐውስ ፊንች ዓመቱን ሙሉ ይመጣል። ፓይን ሲስኪን የሚባለው ባለ ጭረት ወፍ ግን የሚታየው በሰሜን የጥድ ፍሬ ባነሰበት ዓመት ነው። ከሥር መሬት ላይ የወደቀውን ዋኔዎችና በብርድ ወራት የሚመጡት ጁንኮዎች ይለቅሙታል።

መመገቢያውን ሲመርጡ

የኑግ ፍሬ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የምትረዝም ቀጭን ዘር ናት። ለሱፍ አበባ ተብሎ በተሠራ መመገቢያ ውስጥ ቢጨምሯት በሰፊው ቀዳዳ እየፈሰሰች ትንሽ ነፋስ በነካው ቁጥር መሬት ላይ ታልቃለች። ስለዚህ ኑግ የራሱ ዕቃ ይፈልጋል። ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አለ።

አንደኛው የፕላስቲክ ቱቦ ሲሆን በጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆችና ከየስንጥቁ ሥር መቆሚያ ዘንግ አለው። ዝናብን በደንብ ይከላከላል። ድክመቱ አየር አለማስገባቱ ነው፤ በሞቃት ቀን ውስጡ ላብ ያወጣና እህሉ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። ሁለተኛው ዙሪያውን ከጥቃቅን የብረት መረብ የተሠራ ነው። ወፎቹ በፈለጉት በኩል ተንጠልጥለው ስለሚበሉ በአንድ ጊዜ ብዙዎቹን ያስተናግዳል፤ ነፋስም ስለሚያልፍበት የረጠበ ኑግ ቶሎ ይደርቃል። ዝናብ ግን በቀጥታ ይገባበታል። ሦስተኛው ካልሲ የሚመስል የጨርቅ መረብ ነው። ርካሽ ነው፣ ጎልድፊንችም ይወደዋል። ነገር ግን ስኩዊረል በአንድ ንክሻ ይቀደዋል፣ ዝናብ ሲመታው ለብዙ ቀን እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ አጥቦ ማጽዳትም ያስቸግራል። ወፎቹ ወደ ግቢዎ ይመጡ እንደሆነ ለመሞከር ለጥቂት ሳምንት ይበቃል፤ ለዘላቂ ግን አንመክረውም።

በዚህ አካባቢ እርጥበት እኛ የምንመርጠው የብረት መረቡን ነው፤ ከላዩ ግን ሰፊ ጣራ ያስፈልገዋል። ዲያሜትሩ 30 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጎድጓዳ የፕላስቲክ ክዳን ለብቻው ይሸጣል፤ ከመመገቢያው ማንጠልጠያ ላይ ያስገቡትና ከላይ ይሸፍነዋል። መመገቢያው የሚሰቀለው ነፋስ ዝናቡን በጎን በሚያመጣበት ገላጣ ቦታ ከሆነ ግን ቱቦው ይሻላል።

ቱቦ ከገዙ መደብሩ ውስጥ ሳሉ ገልብጠው ታቹን ይዩት። ከታችኛው ስንጥቅ በታች ስንት ጣት የሚሆን ቦታ ቀርቷል? እዚያ የሚገባው እህል ወፍ አይደርስበትም። በየሙሌቱ እየተጫነ፣ ከላይ የሚወርደውን እርጥበት እየጠጣ እንደ ሊጥ ይጋገራል፤ ሻጋታም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጥሩ መመገቢያ ወለሉ ከፍ ብሎ ከታችኛው ስንጥቅ ጋር ይገናኛል፤ ወይም ታቹ በመጠምዘዝ ወይም በመጫን ይወልቃል። ታቹ የማይወልቅ መመገቢያ በምንም ዋጋ አይግዙ፤ ብሩሽ ጫፉ ድረስ ካልደረሰ ጸዳ ማለት አይቻልም። ቀድሞ የገዙት ወለሉ ዝቅ ያለ ከሆነ ያን ባዶ ቦታ በታጠቡ ጠጠሮች ይሙሉት።

ሌሎች የሚታዩ ነገሮች እነዚህ ናቸው። በወለሉ ላይ ውሃ ማውረጃ ቀዳዳ መኖር አለበት። የስንጥቆቹ ከንፈር በብረት ከተለበጠ ስኩዊረል አያሰፋውም። ፕላስቲኩ ፀሐይ የሚችል ፖሊካርቦኔት ካልሆነ በሁለት በጋ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውስጥ የገባ ቆሻሻ ደግሞ አይወጣም። ሐውስ ስፓሮ የሚባለው ድንቢጥ ግቢውን ከወረረብዎ መቆሚያው ከስንጥቁ በላይ የሆነውን ዓይነት ይፈልጉ፤ ጎልድፊንች ቁልቁል ተዘቅዝቆ መብላት ይችላል፣ ድንቢጥ ግን ይቸገራል።

መጠኑን በተመለከተ ትንሹ ይሻላል። ግማሽ ኪሎ ኑግ የሚይዝ፣ ወይም ከዚያም ያነሰ፣ ለጀማሪ ይበቃል። ሁለት ኪሎ የሚይዝ ዕቃ ሥራ የሚቀንስ ይመስላል፤ እውነታው ግን ከሥር ያለው እህል ለሳምንታት ሳይነካ ይከርማል።

ኑጉ ትኩስ ነው ወይ?

ኑግ ዘይቱ የበዛ ነው፤ ወፎቹ የሚፈልጉትም ያንኑ ዘይት ነው። ሲቆይ ዘይቱ ይደርቃል፣ ሽታውም ይለወጣል። ጎልድፊንች ደግሞ መራጭ ነው፤ አንዴ ቀምሶ ከጣለው አይመለስበትም። ‹መመገቢያዬ ላይ ወፍ አይመጣም› የሚለው ቅሬታ በአብዛኛው መነሻው ይህ ነው።

ፍተሻው ቀላል ነው። ከከረጢቱ ጥቂት ፍሬ ቆንጥረው ነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉና በአውራ ጣትዎ ጥፍር ጨፍልቀው ይጫኗቸው። ትኩስ ኑግ ወረቀቱ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የዘይት ነጠብጣብ ይተዋል። ያረጀው ደቅቆ አቧራ ብቻ ይሆናል። በዓይን ሲታይም ትኩሱ ጥቁርና አብረቅራቂ ነው፤ ያረጀው ግን ወደ ቡናማ ያደላል፣ እጅ ላይ ዱቄት ይተዋል። በኑግ ቤት ያደገ ሰው አፍንጫውም ይነግረዋል።

ስለዚህ ከ2 እስከ 5 ፓውንድ ያለውን ከረጢት፣ ደንበኛ ከሚበዛበትና ዕቃው ቶሎ ከሚዞርበት ሱቅ ይግዙ። 20 ፓውንድ በቅናሽ መግዛት የሚያዋጣው መንጋ ለሚቀልብ ብቻ ነው። ቤት ሲገባ ክዳኑ በሚገጥም የብረት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። በጋ ላይ ጋራዥ ምድጃ ስለሆነ አይሆንም። ብልና ትል እንዳይወጣበት ቦታ ካለዎት ማቀዝቀዣው ፍሪዘር ውስጥ ያኑሩት፤ ዘይቱም ሳይለወጥ ይቆያል። አዲሱን በአሮጌው ላይ አይጨምሩ፤ አሮጌው ይለቅና ዕቃው ተጠርጎ ነው አዲሱ የሚገባው።

ከሐበሻ ሱቅ ለምግብ ተገዝቶ የተረፈ ጥሬ ኑግ ለወፎቹ መስጠት ይቻላል። የተቆላ፣ ጨው የነካው ወይም የተወቀጠ ግን አይሆንም። ኑጉ ግቢውን ይወርርብኛል ብሎ መስጋትም አያስፈልግም፤ ወደ አሜሪካ የሚገባ ኑግ አብረውት የሚመጡ የአረም ዘሮች እንዳይበቅሉ በሙቀት የታከመ ነው። አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ዘር ሊበቅል ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። መመገቢያው ሥር ጥቁር ነገር ተከምሮ ሲያይ ‹ወፎቹ ሳይበሉ ያፈሱታል› ይላል። ጎንበስ ብለው ቆንጥረው ይዩት፤ አብዛኛው ለሁለት የተከፈለ ባዶ ገለፈት ነው። ወፏ ፍሬዋን በምንቃሯ ሰንጥቃ ውስጧን ትበላና ልጣጩን ትጥላለች። ክምሩ ሙሉ ፍሬ የበዛበት ከሆነ ግን ወይ ስንጥቁ ሰፍቷል፣ ወይ እህሉ አርጅቷል ማለት ነው።

የት ይሰቀል?

መስኮት የመጀመሪያው ጉዳይ ነው። ወፍ የሰማይና የዛፍ ነጸብራቅ በመስታወት ላይ ስታይ መንገድ ይመስላታል። መመገቢያውን ከመስታወቱ 1 ሜትር በማይሞላ ርቀት ይስቀሉት፤ ወፏ ደንግጣ ብትነሳ እንኳ ለመጎዳት የሚያበቃ ፍጥነት አትደርስም። ካልሆነ ከ10 ሜትር በላይ ያርቁት። አደገኛው በመካከሉ ያለው ነው። መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ ምልክት ካደረጉ ከውጭ በኩል፣ እርስ በርሱ ከ5 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት መሆን አለበት። አንድ የጭልፊት ሥዕል መሐል ላይ መለጠፍ ምንም አያደርግም።

ከዚያ መሸሸጊያ ነው። 3 ሜትር አካባቢ ራቅ ብሎ ቁጥቋጦ ወይም ጥድ ቢኖር ወፎቹ ጭልፊት ሲመጣ የሚገቡበት ያገኛሉ። ከዚያ የቀረበ ከሆነ ግን ድመት ተደብቃ ትጠብቃቸዋለች።

ስኩዊረል ኑግን እንደ ሱፍ አበባ አይወደውም፤ ይሁንና ሌላ ሲያጣ ይመጣል፣ ዕቃውንም ያበላሻል። ከመሬት ወደ ላይ 1.5 ሜትር ያህል፣ በጎን ከዛፍ ወይም ከአጥር ከ2 ሜትር በላይ፣ ከላይ ወደ ታች ደግሞ 2.7 ሜትር ያህል ይዘላል። ስለዚህ ዛፍ ላይ ከመስቀል ለብቻው የቆመ የብረት ምሰሶ ይተክሉ፤ ከማንኛውም መዝለያ 3 ሜትር ያርቁት። ምሰሶው ላይ ከመሬት ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ የጭስ ማውጫ ቱቦ የሚመስል የቆርቆሮ መከላከያ ያጥልቁበት፤ ርዝመቱ ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ላዩ የተዘጋ ይሁን። ስኩዊረሉ በምሰሶው ወጥቶ ቱቦው ውስጥ ይገባና መተላለፊያ ሲያጣ ይመለሳል። ምሰሶውን ቅባት ወይም ቫዝሊን መቀባት የሚመክር ሰው አለ። አያድርጉት፤ ቅባት ላባ ላይ ከደረሰ ወፏ ብርድን መከላከልም መብረርም ያቅታታል።

ጥዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ያለው ቦታ ለኑግ ተመራጭ ነው። ጥዋት የሌሊቱን ጤዛ ያደርቅለታል፣ ከሰዓት የዘይቱን መበላሸት ይቀንሳል።

የሚኖሩት በኪራይ ቤት ወይም በአፓርታማ ከሆነ ከመስቀልዎ በፊት ውልዎንና የኤችኦኤውን (የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን) ደንብ ያንብቡ፤ መመገቢያን በአይጥ ምክንያት የሚከለክሉ ብዙ ናቸው። ዲሲ ውስጥ የአይጥ ነገር ቀላል አይደለም። ከሥር ሰፊ ማስቀበያ ሳህን ማንጠልጠልና ማታ ማታ የወደቀውን መጥረግ ግድ ነው። በምዕራብ ሜሪላንድና በሸናንዶዋ በኩል ለሚኖር ደግሞ የሚያሳስበው ድብ ነው፤ እዚያ ከፀደይ እስከ መኸር መጨረሻ መመገቢያ አውርዶ ማስቀመጥ ይገባል።

ማጽዳት

በመደበኛው ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ፤ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባለው ሙቀትና ከረዥም ዝናብ በኋላ ደግሞ በየሳምንቱ። ወፍ ሲበዛም እንዲሁ። ሥራው ከነማድረቁ ግማሽ ቀን ስለሚወስድ ሁለት መመገቢያ ቢኖርዎት ይቀላል፦ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይሰቀላል።

የሚያስፈልገው አንድ ባልዲ፣ የላስቲክ ጓንት፣ ረዥም የጡጦ ብሩሽ፣ ለስንጥቆቹ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ የዕቃ ሳሙናና ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና ነው። ይህ ባልዲና ብሩሽ ለዚህ ብቻ ይቀመጥ። ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን፤ ምግብ በሚታጠብበት የወጥ ቤት ሲንክ ውስጥ የወፍ መመገቢያ አይታጠብም፤ ኩሳቸው ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል።

መጀመሪያ የተረፈውን ኑግ አውጥተው ይጣሉት፤ ‹ገና ነው› ብለው መልሰው አይጨምሩት። ዕቃውን ሙሉ በሙሉ ይፍቱ፦ ክዳን፣ ወለል፣ መቆሚያ ዘንጎች። በደረቁ ቆሻሻውን በብሩሽ ያራግፉ፤ አቧራው እንዳይገባዎት ነፋሱን ከኋላዎ ያድርጉ። ከዚያ በሞቀ ውሃና ሳሙና ይፈትጉት። ቅባትና ኩስ ሳይለቅ በረኪና ውስጥ መንከር ዋጋ የለውም፤ በረኪናው ቆሻሻው ላይ ያልቅና ከሥር ያለውን ጀርም ሳይነካው ይቀራል። ብዙ ሰው የሚዘልለው ደረጃ ይኸው ነው።

በባልዲው ውስጥ 1 ኩባያ በረኪና በ9 ኩባያ ውሃ ይበጥብጡ። ዕቃው ሁሉ ተጠልቆ 10 ደቂቃ ይቆይ። ተንሳፋፊውን ክፍል በድንጋይ ይጫኑት። ውሑዱ በማግስቱ ኃይሉ ስለሚቀንስ በየጊዜው አዲስ ይበጥብጡ። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። በረኪና የማይፈልግ ሰው በኮምጣጤ ብቻ ሻጋታ ማስለቀቅ ይችላል፤ በሽታ በታየበት ጊዜ ግን ኮምጣጤ አይበቃም።

ከዚያ የበረኪናው ሽታ እስኪጠፋ ድረስ በሚፈስ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት። ቀጥሎ ያለው ማድረቅ ከማጠቡ አይተናነስም። ክፍሎቹን ሳይገጥሙ በንጹሕ ፎጣ ላይ አየር በሚያገኙበት ይዘርጓቸው። ከመሙላትዎ በፊት የጥርስ ብሩሽዎ በደረቀ የወረቀት ሶፍት ተጠቅልሎ በስንጥቁ ውስጥ ይለፍ፤ ሶፍቱ ከረጠበ ገና ነው። አንዲት ጠብታ በስንጥቁ ዙሪያ ከቀረች ኑጉ እዚያ ይጣበቅና በሁለት ቀን ውስጥ ጠጥሮ ቀዳዳውን ይደፍናል።

ሲሞሉም እስከ አፉ አይሙሉ። ወፎቹ በሦስት አራት ቀን የሚጨርሱትን ያህል ብቻ። በየቀኑ ሲያልፉ መመገቢያውን ነቅነቅ ያድርጉት፤ ኑጉ ውስጡ ሲንሸራሸር ከሰሙ ደኅና ነው፤ አንድ ላይ ተያይዞ ካልተንቀሳቀሰ አውርደው ያውጡት።

ከሥሩ ያለውን መሬትም አይርሱ። በሳምንት አንዴ ገለፈቱን በሬክ ጠርገው በከረጢት ያውጡ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜም ምሰሶውን ሁለት ሦስት ሜትር ያዛውሩት። ሥራው ሲያልቅ ጓንት ቢያደርጉም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ የሚረዱ ልጆችም እንዲሁ።

የታመመች ወፍ ካዩ

በእ.ኤ.አ. 1994 መጀመሪያ ላይ በዚሁ በዋሽንግተን አካባቢ በሐውስ ፊንች ላይ አዲስ የዓይን በሽታ ታየና ከዚህ ተነሥቶ በምሥራቅ አሜሪካ ተዛመተ። ማይኮፕላዝማ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣው ነው። ዓይኗ ያበጠና ቅርፊት የያዘ፣ ሌሎቹ ሲበሩ እሷ መመገቢያው ላይ ተጣብቃ የምትቀር ወፍ ካዩ ይህን ይጠርጥሩ። በ2020 መጨረሻና በ2021 መጀመሪያ ደግሞ ሳልሞኔላ በተለይ ፓይን ሲስኪኖችን ጨረሰ፤ በበርካታ ስቴቶች ሰዎችም ታመሙ። በሳልሞኔላ የተያዘች ወፍ ላባዋን ነፍታ፣ ደንዝዛ ትቀመጣለች፤ ሰው ሲቀርባትም አትሸሽም። በ2021 በጋ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ዓይናቸው ያበጠ ወፎች በብዛት ሲገኙ ምክንያቱ በውል ሳይለይ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቶች መመገቢያ ሁሉ እንዲወርድ ጠየቁ።

አንዲት የታመመች ወፍ እንኳ ካዩ ዛሬውኑ መመገቢያውን ሁሉ፣ የውሃ ሳህኑንም ጨምሮ፣ ያውርዱ። በበረኪናው ያጽዱና ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አይስቀሉ። ወፎቹ በረሃብ ይሞታሉ የሚለው ጭንቀት ደግ ልብ ያመጣው ነው፤ ነገር ግን መመገቢያ ለእነሱ ከብዙ ምግብ አንዱ ብቻ ነው፣ ይበታተኑና ሌላ ይፈልጋሉ። የሚፈለገውም መበታተናቸው ነው። የሞተች ወፍ በባዶ እጅ አትነሣም፤ የፕላስቲክ ከረጢት ገልብጠው እንደ ጓንት በማጥለቅ ያንሷት፣ በሁለተኛ ከረጢት አሥረው ቆሻሻ ውስጥ ይጣሉ። ከአንድ በላይ ከሆኑ ለስቴቱ የዱር እንስሳት ክፍል ይደውሉ። ቤት ውስጥ ዶሮ የሚያረባ ሰው ከወፍ ጉንፋን የተነሣ መመገቢያን ከዶሮው አጥር አርቆ ይስቀል፤ ጫማም ይለያል።

ከኑግ ሌላ

ቀዩ ካርዲናል፣ ቺካዲና ቲትማውስ እንዲመጡ ከፈለጉ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው ሁለተኛ መመገቢያ በጥቁር የሱፍ አበባ ዘር ይሙሉ፤ ቅርፊቱ ሳሳ ያለ ስለሆነ ትንንሾቹም ይፈለፍሉታል። ስኩዊረልና ግራክል የሚባለው ጥቁር ወፍ ካስቸገሩ ዘሩን በሱፍ ይለውጡት፤ እኛ ለፍትፍት የምንወቅጠው ነጩ ሱፍ። ካርዲናል ይበላዋል፣ እነዚያ ግን አይወዱትም። ርካሽ ቅልቅል ከረጢት ገልብጠው ያንብቡ፦ ቀይ ማሽላ ከላይ ከተጻፈ አይግዙት፤ በዚህ በምሥራቁ በኩል ያሉ ወፎች እየገፉ ይጥሉታል፣ መሬት ላይ ተከምሮም አይጥ ይጠራል።

ዳቦ፣ እንጀራ፣ ድርቆሽና ጨው ያለበት ቆሎ ለወፍ አይሆኑም፤ እርጥቡ ይሻግታል፣ ጨዉ ይጎዳቸዋል፣ ሆዳቸውን ሞልቶም የሚረባ ነገር አይሰጣቸውም።

ለሀሚንግበርድ የሚሰቀለው የስኳር ውሃ የተለየ ነው፦ 1 እጅ ነጭ ስኳር በ4 እጅ ውሃ፣ ቀለም ሳይጨመር። ማርም ቡናማ ስኳርም አይሆንም፤ ማር ቶሎ ይፈላል፣ ፈንገስም ያበቅላል። እዚህ ከአፕሪል አጋማሽ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ይሰቀላል፤ በሙቀት ጊዜ በየሁለት ቀኑ ፈስሶ ዕቃው ታጥቦ ይለወጣል።

ካልመጡ

አዲስ መመገቢያ ለመለመድ ከጥቂት ቀን እስከ ብዙ ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ዕቃውን ሲሶውን ብቻ ይሙሉ፤ በሦስት ሳምንት ካልተነካ ጥለው በትኩስ ይተኩት። ቦታውን በየሁለት ቀኑ አይለዋውጡ። ወፎቹ ምግብን የሚያገኙት በዓይን ስለሆነ ከሥሩ ጥቂት ፍሬ መበተን፣ ወይም ቢጫ ሪባን መመገቢያው ላይ ማሠር ይረዳል። ጎልድፊንች የሚወልደው ዘግይቶ ከጁን መጨረሻ ጀምሮ ነውና በዚያ ወቅት የሚመጡት ወፎች ቁጥር ቢቀንስ አይግረምዎት፤ ሜዳው የእሾህና የአበባ ዘር ሞልቶታል፣ ጥንዶቹም ጎጆ ላይ ናቸው። መጥተው የነበሩ በድንገት ከቀሩ ግን በቅደም ተከተል እነዚህን ይመልከቱ፦ ኑጉን በወረቀት ይፈትሹ፣ ስንጥቁ አለመደፈኑን በእጅ ይንኩ፣ ከዚያ በዙሪያው ዛፍ ላይ ጭልፊት ተቀምጦ እንደሆነ ይዩ። ጭልፊት ከለመደ ለአንድ ሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት መመገቢያውን ማውረድ ይበቃል፤ የሚታደን ሲያጣ ወደ ሌላ ይሄዳል።

ከሳምንት በላይ ከቤት የሚርቁ ከሆነ የሚሞላና የሚያጥብ ጎረቤት ካላገኙ ባዶ አድርገው፣ አጥበውና አድርቀው ጋራዥ ያስገቡት። ሞልቶ መሄድ፣ በተለይ በጁላይ፣ ሲመለሱ የሻገተ ኑግና እሱን ሲበሉ የከረሙ ወፎች ይጠብቅዎታል።